በስኮትላንድ በረዷማ ተራራ ላይ የአንድ ቀን የእግር ጉዞ፦ ከአዲስ አበባ ለሚነሱ ተጓዦች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች እሑድ ጠዋት ከመስቀል አደባባይ ተነስተን ወደ እንጦጦ ስንወጣ አብረውን የሚጓዙ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። አብዛኞቹ ጠያቂዎች ለትምህርት፣ ለሥራ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ብሪታንያ የሚሄዱና በዚያው በረዶ የለበሰ ተራራ ለመውጣት የሚመኙ ናቸው። ምኞቱን እንደግፋለን። ሆኖም የአዲስ አበባ ሰው ለዚህ ጉዞ የሚበቃ ትንፋሽ ቢኖረውም፣ የቀኑን ብርሃን ቆጥሮ መውጣትንና የተቆረጠው ሰዓት ሲደርስ ጫፉ እየታየም ቢሆን መመለስን እዚህ ሆኖ መልመድ ስለሚቸግረው፣ መልሶቻችን ደጋግመው ወደዚህ ነጥብ ያመራሉ።

የስኮትላንድ ተራሮች ከአዲስ አበባ ዝቅ ያሉ ከሆኑ ለምን ያን ያህል ይፈራሉ?

እውነት ነው፣ ዝቅ ያሉ ናቸው። የብሪታንያ ከፍተኛው ተራራ ቤን ኔቪስ ከባሕር ጠለል በላይ 1,345 ሜትር ሲሆን፣ መስቀል አደባባይ ላይ የቆመ ሰው ከቤን ኔቪስ ጫፍ በ1,000 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ቆሟል ማለት ነው። ስለዚህ በራስ ደጀን ወይም በኪሊማንጃሮ የሚያስጨንቀው የከፍታ ሕመም በስኮትላንድ አያሳስብም፤ ከአዲስ አበባ የሄደ ጤነኛ ሰው እዚያ እንዲያውም ትንፋሹ ቀለል ሊልለት ይችላል።

አደጋው የሚመጣው ከኬክሮሱና ከባሕሩ ቅርበት ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስትሆን ቤን ኔቪስ ወደ 57 ዲግሪ ይጠጋል። ከአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚነሳው እርጥብ ነፋስ ብዙም ሳይጓዝ ተራሮቹን ያገኛቸዋል። ወደ ላይ በተወጣ በየ1,000 ሜትሩ የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሲየስ ያህል ይቀንሳልና፣ ከተራራው ሥር 5 ዲግሪ የነበረው አየር ጫፉ ላይ ከዜሮ በታች 4 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ሲጨመርበት፣ የተጋለጠ ገላ የሚሰማው ብርድ ከዜሮ በታች 14 ዲግሪ ያህል ነው። እንዲህ ያለ ነፋስ ደግሞ እዚያ ብርቅ አይደለም፤ በኬርንጎርም ተራራ ጫፍ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1986 በሰዓት 278 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የነፋስ ግፊት ተመዝግቧል።

በየትኛው ወር መሄድ ይሻላል?

ብዙ ሰው የሚመርጠው የፈረንጆችን የገና ዕረፍት ነው፤ እኛ ግን ለጀማሪ አንመክረውም። አዲስ አበባ ላይ በዓመቱ አጭር የሚባለው ቀን እንኳ ከ11 ሰዓት ተኩል በላይ ብርሃን ስላለው፣ እኛ ቀን ያጥራል ብሎ ማሰብ አልለመደብንም። በቤን ኔቪስ ሥር በምትገኘው በፎርት ዊልያም ከተማ፣ በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ወጥታ ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ይህም ሰባት ሰዓት የማይሞላ ቀን ነው፤ ደመና ሲበዛ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይመስላል።

ከየካቲት አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ያለው ጊዜ እጅግ የተሻለ ነው። በረዶው በዚያን ጊዜም ከፍ ባሉት ተራሮች ላይ አብዛኛውን ጊዜ አለ፤ ብርሃኑም በየካቲት አጋማሽ ከአሥር ሰዓት በላይ፣ በመጋቢት አጋማሽ ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ይሆናል።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እናሳስብ። ከመሪ ወይም ከጓደኛ ጋር የመነሻ ሰዓት ሲቀጣጠሩ በማን አቆጣጠር እንደሆነ በግልጽ ይነጋገሩ። እነሱ 8 የሚሉት የእኛ የጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ ሰባት ሰዓት ያህል ብርሃን ብቻ ባለው ቀን በዚህ ምክንያት የሚባክን ጊዜ የሚተካ አይደለም።

ጉዞው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አስቀድሞ እንዴት ይሰላል?

ከሁሉም ጥያቄዎች የምናስቀድመው ይህንን ነው። ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያስቀመጠው ቀላል ስሌት እስከ ዛሬ ያገለግላል፤ ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አግድመት አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ይያዛል። ስሌቱ ዕረፍትን፣ ምግብን፣ ነፋስንና በረዶን አያካትትም።

በቤን ኔቪስ እንሞክረው። የተለመደው መንገድ የሚጀምረው በግሌን ኔቪስ ሸለቆ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ካላለ ቦታ በመሆኑ 1,300 ሜትር ያህል መውጣት ያስፈልጋል፤ ርቀቱ ለመውጫው ብቻ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለርቀቱ አንድ ሰዓት ከ36 ደቂቃ፣ ለአቀበቱ ሁለት ሰዓት ከ10 ደቂቃ ሲደመር ሦስት ሰዓት ከ46 ደቂቃ ይመጣል። ለመውረጃ ሁለት ሰዓት ቢታሰብ ጠቅላላው ወደ ስድስት ሰዓት ይጠጋል። ይህ ሁሉ በደረቅ መንገድ ሳያርፉ ለሚሄዱ ሰዎች ነው። በረዶው እስከ ጉልበት የሚያሰምጥ ከሆነ ፍጥነቱ በግማሽ ሊወርድ ስለሚችል፣ የታኅሣሡ ቀን ለቤን ኔቪስ እንደማይበቃ ከአዲስ አበባ ሳይነሱ በወረቀት ላይ ማየት ይቻላል።

አሁን ደግሞ ኬርንጎርምን እንመልከት። ጫፉ 1,245 ሜትር ነው፤ ሆኖም መኪና የበረዶ ሸርተቴ ማዘውተሪያው ድረስ፣ ማለትም ከ600 ሜትር በላይ ስለሚያወጣ፣ በእግር የሚቀረው አቀበት 600 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ርቀቱ አጭር በመሆኑ መውጫው በስሌቱ መሠረት ሁለት ሰዓት አይሞላም፤ በረዶው እጥፍ ቢያደርገው እንኳ ለመመለስ በቂ ብርሃን ይተርፋል። የመጀመሪያ ቀናቸውን በዚህ ዓይነት ተራራ ላይ ያደረጉ ሰዎች ተምረው ይመለሳሉ ብለን እናምናለን፤ ስሙ የገነነው ተራራ ሌላ ጊዜ ይደረስበታል።

ስሌቱ ካለቀ በኋላ የመመለሻ ሰዓት ይቆረጣል። በየካቲት አጋማሽ ከጠዋቱ 2 ሰዓት የተነሳ ቡድን፣ ፀሐይ ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ እንደምትጠልቅ አውቆ፣ የትም ይድረስ የት 7 ሰዓት ላይ ፊቱን እንዲያዞር አስቀድሞ መስማማት አለበት። ስምምነቱ የሚደረገው ሙቅ ቤት ውስጥ ተቀምጠው፣ ሁሉም ሰው በሰከነ አእምሮ እያለ ነው። ጫፉ ከፊት እየታየ፣ ገንዘብ ወጥቶበት፣ ከአዲስ አበባ ድረስ ተመጥቶ፣ እዚያው ተራራ ላይ ቆሞ ስለ መመለስ መወሰን ለማንም ሰው ከባድ ነውና ውሳኔውን ለዚያ ሰዓት አያቆዩት።

እንጦጦ መውጣት ለዝግጅት ይበቃል?

ለእግርና ለልብ በጣም ይጠቅማል። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚያወጣውን አቀበት ስድስትና ሰባት ኪሎ ጭነው በሳምንት አንድ ቀን፣ የመስቀል አደባባይን ደረጃዎች ደግሞ አትሌቶቹ ከሚበዙበት ሰዓት ቀደም ብለው በሳምንት ሁለት ቀን ቢመላለሱባቸው፣ በሁለት ወር ውስጥ ለውጡ ይታወቃል። ቁልቁለቱን ችላ አይበሉ፤ ጉልበት የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ሲወርዱ ነው። እንጦጦ ጫካ ውስጥ ብቻዎን አይሂዱ፤ በቡድን ይሁን።

እንጦጦ የማያስተምረው በረዶ ላይ መራመድን፣ ሲንሸራተቱ ራስን ማቆምንና በጭጋግ ውስጥ በካርታና በኮምፓስ መሄድን ነው። የካርታና የኮምፓሱን ክፍል ግን በከፊል እዚህ መልመድ ይቻላል። ስልኩን ኪስ ውስጥ ትቶ ከሥላሴ ካቴድራል እስከ እንጦጦ ፓርክ በወረቀት ካርታና በኮምፓስ ብቻ የሚደርስ ሰው መሠረቱን ይዟል። የቀሩት ሁለቱ ስኮትላንድ ደርሰው፣ የብርድ ወራት ተራራ መሪነት ብቃት ማረጋገጫ ካለው አስተማሪ የሚማሯቸው ናቸው። ለመጀመሪያው ቀን አስተማሪ መቅጠር ቅንጦት ነው ብለን አናምንም።

ምን ልልበስ? ጋቢዬን ልያዝ?

ጋቢ ለማደሪያ ቤት ይያዙ፤ ተራራው ላይ ግን አይውጣ። ጋቢና ነጠላ፣ እንዲሁም ጂንስ ሱሪና ተራ ካናቴራ ከጥጥ የተሠሩ ናቸው። ጥጥ ውኃ ሲጠጣ ሙቀት የመያዝ ኃይሉን ያጣል፤ ቶሎም አይደርቅም። በጥምቀት ዋዜማ ጃንሜዳ ላይ ሌሊቱን ያሞቀ ጋቢ፣ በላብ ወይም በቀለጠ በረዶ ከራሰ በኋላ ነፋስ ሲያገኘው የሰውነትን ሙቀት ይነጥቃል።

ሱፍ ከዚህ ይለያል፤ እርጥብም ሆኖ በመጠኑ ያሞቃል። የመንዝ ሰው በዚያ ውርጭ ውስጥ በበግ ጠጉር የተሠራ ባናና በርኖስ የሚለብሰው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ይህ የአገራችን ዕውቀት ለስኮትላንድም ይሠራል። ከገላ ላይ ቀጭን የሱፍ ወይም ላብ የሚያሳልፍ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ውስጥ ልብስ፣ በላዩ ወፈር ያለ ሹራብ፣ ከሁሉም በላይ ነፋስና ውኃ የማያስገባ ኮፍያ ያለው ጃኬትና ሱሪ ይለበሳል። ቦርሳ ውስጥ ለዕረፍት ጊዜ የሚደረብ ወፍራም ጃኬት፣ ሁለት ጥንድ ጓንት፣ የሱፍ ኮፍያና ፊትን የሚሸፍን ጨርቅ ይያዛል። ሹራቡንና የውስጥ ልብሱን በመርካቶ ከሚሸጠው ሰልባጅ መካከል በርካሽ ማግኘት ይቻላል፤ ሲመርጡ ከውስጥ የተሰፋችውን ምልክት አንብበው ጥጥ አለመሆኑን ያረጋግጡ።

በአቀበቱ መጀመሪያ ላይ ትንሽ እየበረደዎት መነሳት ይሻላል። ሞቆት የተነሳ ሰው በግማሽ ሰዓት ውስጥ በላብ ይርሳል፤ ላቡም በኋላ ይበርዳል።

ጫማውንና የበረዶ መሣሪያውን ከየት አገኛለሁ?

ጫማው ሶሉ ጠንካራ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍንና ክራምፖን የሚቀበል መሆን አለበት። ክራምፖን ከጫማ ሥር የሚታሰር የብረት ጥርስ ነው፤ ሁሉም ክራምፖን ለሁሉም ጫማ ስለማይሆን ሁለቱን አንድ ላይ ከአንድ ቤት መከራየት ያዋጣል። የበረዶ መጥረቢያው ደግሞ አንዱ ጫፉ ሹል፣ ሌላው ጠፍጣፋ የሆነ ባለ እጀታ መሣሪያ ሲሆን፣ ሲራመዱ እንደ ምርኩዝ፣ ሲንሸራተቱ ደግሞ በረዶው ላይ ተክለው ራስን ለማቆም ያገለግላል። ይህን አጠቃቀም ሜዳ ላይ ካልተለማመዱት መጥረቢያውን መያዝ ብቻውን ምንም አይረዳም።

እነዚህን ዕቃዎች በፎርት ዊልያምና በአቪሞር ከተሞች የሚያከራዩ ሱቆች አሉ። የራሱን መጥረቢያ ይዞ በአውሮፕላን የሚጓዝ ሰው ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ያድርገው፤ በእጅ ሻንጣ አይፈቀድም። የምድጃ ጋዝ በየትኛውም ሻንጣ አይፈቀድም።

ከእነዚህ ሌላ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ከትርፍ ድንጋዩ ጋር፣ ፊሽካ፣ ካርታና ኮምፓስ፣ የበረዶ መነጽር እንዲሁም ከነፋስ የሚያስጠልል ቀላል የቡድን ድንኳን ወይም ከረጢት ያስፈልጋሉ። ስልክ በብርድ ባትሪው ቶሎ ስለሚሞት ከገላ አጠገብ ባለው ኪስ ይቀመጥ።

ጾም ላይ ነኝ፤ መውጣት እችላለሁ?

የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና፣ ዐቢይ ጾም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በየካቲትና በመጋቢት ስለሚውል ጥያቄው በየዓመቱ ይነሳል፤ በእነዚህ ዓመታት ረመዳንም በብርድ ወራት ውስጥ እየዋለ ነው። የምግቡ ዓይነት ችግር አይሆንም። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ ቴምርና በሶ ለተራራ ከሚሆኑት ምግቦች ሁሉ የተመረጡ ናቸው፤ አይቀዘቅዙም፣ ጓንት ሳያወልቁ ሊበሉ ይችላሉ፣ ኃይላቸውም ይቆያል። በፔርሙዝ የተያዘ ዝንጅብል ያለው ጣፋጭ ሻይ ሲጨመርበት ከሱቅ ከሚገዛው ይበልጣል።

አስቸጋሪው ሳይበሉና ሳይጠጡ መዋሉ ነው። ሰውነት በብርድ ውስጥ ሙቀቱን የሚጠብቀው ምግብ እያቃጠለ ስለሆነ፣ ባዶ ሆድ የዋለ ሰው ቶሎ ይበርደዋል፤ ውሳኔውም ይዛባል። ስለዚህ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው አስቀድሞ ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር፣ የረመዳን ጾመኛም ለመንገደኛ ስለተሰጠው ፈቃድ የሃይማኖቱን አዋቂዎች ይጠይቅ። ፈቃዱን ላለመጠቀም የሚመርጥ ሰው የሸለቆ ጉዞ ይምረጥ፤ ውሳኔው ሙሉ ክብር ይገባዋል፤ ሆኖም አብረውት ለሚሄዱት ሰዎች ሳይነግር አይውጣ።

የበረዶ ናዳ በስኮትላንድ አለ?

አለ፤ ሰውም ይገድላል። ናዳ በብዛት የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘነብል ተዳፋት ላይ ሲሆን፣ በተለይ ነፋስ በረዶውን ጠርጎ ባከማቸበት ወገን ላይ ነው። የስኮትላንድ የበረዶ ናዳ መረጃ አገልግሎት በብርድ ወራት ለዋና ዋናዎቹ የተራራ አካባቢዎች በየዕለቱ ትንበያ ያወጣል፤ ትንበያው የትኛው አቅጣጫና የትኛው ከፍታ አደገኛ እንደሆነ በሥዕል ያሳያል። በዋዜማው ማታ ሳያነቡት አይተኙ። የተራራ ጫፎችን የሚመለከት የአየር ትንበያም ለብቻው ይወጣል፤ የከተማው ትንበያ እሱን አይተካም።

ጭጋግ ቢይዘኝስ?

በበረዶ ላይ ጭጋግ ሲወርድ ሰማዩና መሬቱ አንድ ነጭ ስለሚሆኑ፣ ከእግር በታች ያለው ቁልቁለት ይሁን አቀበት መለየት ያቅታል። በኅዳር 1964 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1971) በኬርንጎርም አምባ ላይ ከኤድንብራ የመጡ ተማሪዎች በውሽንፍር ተይዘው ሜዳ ላይ ሁለት ሌሊት አድረዋል፤ አምስት ተማሪዎችና አንዲት ረዳት መሪ ሞተዋል። ይህ አደጋ በብሪታንያ ወጣቶችን ወደ ተራራ የሚመሩ ሰዎች ሥልጠና ላይ ትልቅ ክርክር አስነስቷል።

የቤን ኔቪስ ጫፍ ይህን በግልጽ ያሳያል። በስተ ሰሜን ትልቅ ገደል አለ፤ በረዶ ደግሞ ከገደሉ ጠርዝ አልፎ በአየር ላይ ይንጠለጠላል፤ ከላይ ሲታይ ጠንካራ መሬት ይመስላል። በተቃራኒው ወገንም ብዙ ሰው የጠፋበት ሸለቆ አለ። ስለዚህ በጭጋግ ጊዜ የሚወረደው በኮምፓስ ነው፤ ከጫፉ ምልክት ተነስቶ በካርታ አቅጣጫ 231 ዲግሪ 150 ሜትር፣ ከዚያ በ282 ዲግሪ መንገዱ እስኪገኝ ድረስ ይሄዳል። ኮምፓሱ ከካርታው የሚለይበት መጠን በዓመታት ውስጥ ስለሚቀየር የዓመቱን ልዩነት ከካርታው ጋር ማስተካከል፣ 150 ሜትሩንም በእርምጃ ቆጥሮ ማወቅ ያስፈልጋል። የራስዎ እርምጃ ለ100 ሜትር ስንት እንደሚሆን እዚሁ ስታዲየም አካባቢ መለካት ይችላሉ።

ጓደኛዬን ብርድ ቢመታው ምን ላድርግ?

የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲወርድ አደጋ ተጀምሯል። ምልክቱ መንቀጥቀጥ፣ መንተባተብ፣ መደናቀፍና ያለ ምክንያት መበሳጨት ነው፤ በብርድ ውስጥ እያለ መንቀጥቀጡ ካቆመ ደግሞ ዳነ ማለት ሳይሆን ባሰበት ማለት ነው። ከነፋስ ያስጠልሉት፣ ከሥሩ ቦርሳ አንጥፈው ከበረዶው ይለዩት፣ ደረቅ ልብስ ያልብሱት፣ መዋጥ ከቻለ ሙቅና ጣፋጭ ነገር ይስጡት። ይህንን ሁሉ መደናቀፍ ሲጀምር ማድረግ ሲሆን፣ እስኪወድቅ መጠበቅ አይገባም። የደነዘዘ ጣት አይታሽም።

አረቄ ፈጽሞ አይስጡ። አረቄ በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚከፍት ሙቀት የመጣ ይመስላል፤ በእርግጥ ግን ከውስጥ ያለው ሙቀት ወደ ውጭ እየወጣ ነው።

እርዳታ እንዴት ይጠራል?

በ999 ወይም በ112 ደውለው መጀመሪያ ፖሊስ፣ ከዚያ የተራራ አድን ቡድን ይጠይቃሉ። በጽሑፍ መልእክት ለመጥራት ቁጥርን አስቀድሞ በአገልግሎቱ ማስመዝገብ ስለሚያስፈልግ የእንግሊዝ ሲም ካርድ እንደገዙ ያድርጉት። ስልክ በማይሠራበት ቦታ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ ፊሽካ ይነፋል፣ ለአንድ ደቂቃ ይታረፋል፣ ይደገማል። የስኮትላንድ የተራራ አድን ቡድኖች አባላት በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ክፍያም አይጠይቁም። የጉዞዎን መስመርና የመመለሻ ሰዓትዎን ለማደሪያ ቤቱ ጽፈው ይተዉ፤ አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ብቻ መንገር አይበቃም።

በረዶ ለማየት ራስ ደጀን አይበቃም?

ራስ ደጀን 4,550 ሜትር ነው፤ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ አልፎ አልፎም በረዶ ያለብሰዋል፤ ሆኖም ፀሐይ ስትወጣ ብዙ ሳይቆይ ይቀልጣል። አብሮት የሚመጣው ፈተና የከፍታው ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ ተራሮች የተለያየ ዝግጅት ይፈልጋሉ። ወደ ስሜን ተራሮች መሄድ የሚችል ሰው ሁሉ እንዲሄድ እንመክራለን፤ ነገር ግን የስኮትላንድ ልምምድ አድርጎ አይቁጠረው።

በተቀጠረው ቀን ትንበያው መጥፎ ቢሆንስ?

ወደ ጫፍ አይወጣም። ስለዚህ ጉዞ ሲታቀድ ለተራራው አንድ ቀን ብቻ ሳይሆን ሦስት ቀን ይያዝ፤ ከሦስቱ አንዱ ደህና የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በቀሩት ቀናት በአቪሞር አቅራቢያ ባለው በሎክ ሞርሊክ ሐይቅ ዙሪያ፣ በጥድ ደን ውስጥ መሄድ ይቻላል፤ መንገዱ ግልጽ ነው፣ ዛፎቹ የነፋሱን ኃይል ይቀንሱታል፣ ደመናው ገለጥ ካለም ነጩ የኬርንጎርም አምባ ከሐይቁ ዳር ይታያል።